በርሜሉና ዳለቻዋ ላም

ሥልጠናው የተሰጠው ከሚሴ ከተማ ጫፍ ላይ፣ ተሠርቶ ባለቀው ግን ሥራ ባልጀመረው መናኸሪያ ግቢ ውስጥ ነበር። አስፋልቱ ከተነጠፈ ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን አንድም አውቶብስ አልቆመበትም። አልፎ አልፎ ባጃጅ የሚለማመዱ ሰዎች ይገቡበታል፤ ዘበኛው ሲመጣ ይወጣሉ። ከግብርና፣ ከጤናና ከውሃ መሥሪያ ቤቶች በሥራ ምክንያት ሞተር የሚነዱ አሥራ አራት ሠራተኞች ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንዲገኙ በደብዳቤ ተጠርተው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ሠራተኛ ወድቆ ስለተጎዳ ነው ሥልጠናው የታሰበው። ከአሥራ አራቱ መካከል ሴቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዷ አሻ ናት።

አሻ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ጨፋ ሮቢት ተቀምጣ በዙሪያው ያሉትን ቀበሌዎች እየዞረች ከብት ትከትባለች። ሞተር መንዳት የተማረችው በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከእሷ በፊት ከነበረው ባለሙያ ነው። ሰውየው «ይሄ ፍሪሲዮን፣ ይሄ ማርሽ፣ ይሄ ፍሬን፤ የፊቱን ፍሬን ግን እንዳትነኪ፣ ይገለብጥሻል። በይ ቢስሚላህ በይ» ብሎ ለቀቃት። ስድስት ዓመት እንዲያ ነዳች።

ዓምና ከመውሊድ በኋላ ነው የወደቀችው። ከክትባት ስትመለስ ባልደረባዋን ኡምኩልሱምን ከኋላ አፈናጥጣ ነበር። ኡምኩልሱም የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ታቅፋለች። ወደ አስፋልቱ በሚያወጣው የጠጠር መንገድ ላይ አንድ ጠመዝማዛ ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርሱ አሻ «ላም!» ብላ ጮኸች፣ ሞተሩ ከመንገዱ ወጣ፣ ሁለቱም ቦዩ ውስጥ ገቡ። አሻ ክንዷ ተላጠ። ኡምኩልሱም ግን ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ደሴ ሄዳ ብረት ገባላት፣ ከተነሳች በኋላም እያነከሰች ቀረች። መስክ መውጣት ስላልቻለች መድኃኒት ክፍል መደቧት።

አሻ ለጠየቃት ሁሉ የተናገረችው አንድ ነገር ነው፤ «ላም ገባችብኝ።» ላሚቱም ትታወቅ ነበር። ዳለቻዋ የሼህ አብደላ ላም ናት። ሼህ አብደላ ስድሳን ያለፉ ገበሬ ናቸው፤ ከጠመዝማዛው በላይ ማሽላና ማሾ ያመርታሉ። ነገሩ አባጋሮች ዘንድ ደረሰ፤ በአካባቢው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የተበደለ የሚያስክሱ ሽማግሌዎች ናቸው። መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። ኡምኩልሱም በክራንች መጥታ «ላም ገብታ ነው የወደቅነው» ብላ መሰከረች። ሼህ አብደላ ብዙ አልተናገሩም። «ላሜ ከሆነች አውፍ በሉኝ» አሉ። አውፍ ተባለ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰው ተበተነ። ከሳምንት በኋላ ቀበሌው በመንገዱ ግራና ቀኝ ከብት ማሰማራት ከለከለ። ሠላሳ ያህል አባወራ የበጋ ሳሩን አጣ። «በአብደላ ላም ምክንያት» ይባል ጀመር፤ ዓመት ሙሉም ተባለ።

አሠልጣኙ አቡበከር ይባላል። አምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቀጭን፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ በሞተር ውድድር ይሳተፍ ነበር፤ አሁን ኮምቦልቻ መንጃ ፈቃድ ያስተምራል። ሠልጣኞቹ ሲደርሱ እሱ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ጀምሮ እዚያ ነበር። አስፋልቱ ላይ በኖራ መስመር አስምሯል፣ በአሮጌ ጎማ መታጠፊያዎችን አበጅቷል፣ ግቢውን ዙሪያውን የሚዞር አንድ ትልቅ ትራክ ሠርቷል።

«የሚቸኩል ሰው ካለ አሁኑኑ ይሂድ» አለ። «ፍጥነት እኔ አላስተምርም፤ ጋዙን ስትጠመዝዙት በራሱ ይመጣል። ዛሬ መቆምና መታጠፍ ነው የምንማረው።»

ከውሃ መሥሪያ ቤት የመጣው አንዋር እጁን አወጣ። «እኔ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ። እዚህ ዞን ውስጥ ያልሄድኩበት ዳገት የለም። መቆም ልማር ነው የመጣሁት?»

«ማሻአላህ» አለ አቡበከር። «በል አንተ ጀምርልን።»

የመጀመሪያው ልምምድ በሁለት የኖራ መስመሮች መካከል አርባ ሜትር ያህል መንዳት ነው፤ መስመሩን ሳይነኩ፣ እግር መሬት ሳያስነኩ፣ በተቻለ መጠን ቀስ ብሎ። አንዋር አሥር ሜትር ሳይሞላ ሞተሩ ተንገዳግዶ እግሩን አወረደ። ሳቁበት። ደገመ፤ ሃያ ሜትር ላይ መስመሩን ሳተ። በሦስተኛው እሱም ራሱ ሳቀና ሄልሜቱን አውልቆ ላቡን ጠረገ። ከዚያ በኋላ ስለ ሃያ ዓመቱ አላነሳም።

አሻ ግን በዚህ ልምምድ ከሁሉም ተሻለች። ክረምት ክረምት የከብት መንገድ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ሳጥን ጭና ስትሄድ የኖረች ናት። ሞተሩን በፍሪሲዮን እየያዘች፣ እየለቀቀች፣ እንደ ሽማግሌ እርምጃ አርባውን ሜትር ጨረሰች።

«ይቺ ጭቃ ታውቃለች» አለ አቡበከር።

ፍሬን ላይ ሲደርሱ ግን የኋላውን ብቻ ረግጣ ጎማውን እያንሸራተተች ከምልክቱ በጣም አልፋ ቆመች። አሠልጣኙ ቀርቦ የፊቱን ለምን እንደማትነካው ጠየቃት። የተነገራትን ነገረችው።

«ብዙ ሰው እንደዚያ ይባላል» አለ። «ሲደነግጡ ጨምድደው ከያዙት እውነት ነው፣ ይጥላል። ላም ታልቢያለሽ?»

«አልባለሁ።»

«ጡቷን እንዴት ነው የምትይዢው? በአንዴ ትጨመድጂዋለሽ?»

«እሱማ ትራገጣለች።»

«ይሄም ይራገጣል። በጣት ጀምሪና እያጠበቅሽ ሂጂ።»

በሦስተኛው ሙከራ ከበፊቱ በግማሽ ርቀት ቆመች። ወርዳ በጫማዋ እየለካች አየችው። ሌሎቹም መጥተው አዩት። ከጤና መሥሪያ ቤት የመጣችው ሌላዋ ሴት «ስድስት ዓመት በዚህ እጅሽ ምን ትሠሪ ነበር?» አለቻት፤ ተሳሳቁ።

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በፊት የነበረው የመጨረሻ ልምምድ ቀላል ይመስላል። አቡበከር ባዶ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አምጥቶ በሰፊው ግቢ መሀል አቆመው። በቀኙም በግራውም አውቶብስ የሚያሳልፍ ቦታ አለ። ሠልጣኞቹ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብለው ወደ በርሜሉ መንዳት፣ ሲጠጉ በፈለጉት በኩል ማለፍ ነው ያለባቸው። ከማለፋቸው በፊት ምንም አላላቸውም።

ሦስት ሰው በርሜሉን መታው። ሁለቱ በእግራቸው ገጩት። አሻ በፊት ጎማዋ መሀሉን አገኘችው። በርሜሉ ተንከባልሎ አጥር ጋ ደረሰ። አልወደቀችም፣ ግን ቆማ ወደ ኋላ ተመለከተች። ሰፊው ቦታ እንዳለ ተዘርግቷል።

«እንዴት እንደመታሁት አላውቅም» አለች።

«ምን እያየሽ ነበር?» አላት አቡበከር።

«በርሜሉን ነዋ። እንዳልመታው።»

«አሁን በርሜሉን እርሺው። እኔን እይ።»

በርሜሉን መልሶ አቆመና ራሱ ከበርሜሉ በስተግራ ራቅ ብሎ ቆመ። እጁን አነሳ፤ በጣቶቹ ቁጥር ያሳያል፣ እሷ እየነዳች ጮክ ብላ ቁጥሩን መጥራት አለባት። ተነሳች። «ሦስት! … ሁለት! … አራት!» እያለች መጣች። በርሜሉን መቼ እንዳለፈችው አላወቀችም፤ አሠልጣኙ አጠገብ ስትቆም ነው ወደ ኋላ ዞራ ያየችው። በርሜሉ ከቦታው አልተነቃነቀም። በሁለት ሜትር ርቀት አልፋዋለች።

«አሁን አንዴ ደግሞ» አለ፤ «በጣም ቀስ ብለሽ። ሆን ብለሽ ዓይንሽን በርሜሉ ላይ ትከዪ። እጅሽ ምን እንደሚሠራ ብቻ አስተውዪ።»

በእግር ጉዞ ፍጥነት ሄደች። ዓይኗን በርሜሉ ላይ ተከለች። መሪውን አልጠመዘዘችውም፣ ቢያንስ የጠመዘዘች አልመሰላትም፤ ግን ሞተሩ በገመድ እንደሚጎተት ወደ በርሜሉ ሄደ። አንድ ክንድ ሲቀራት ፍሬን ይዛ ቆመች። ሞተሯን አጠፋች። የሞተሩን መቆሚያ አውጥታ ወረደችና አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች።

ሌሎቹ የደከማት መስሏቸው ነበር። ኡምኩልሱም ብትኖር ኖሮ እንዳልደከማት ታውቅ ነበር።

አዛን ሲባል ሰው ወደ መስጊዱ ወጣ። የቀሩት አጥሩ ሥር ተቀምጠው ሳምቡሳ በሻይ በሉ። አሻ አልበላችም። ዓምና የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምራ እያሰበችው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ስታስታውሰው የሚመጣባት ነገር የላሚቱ ዳለቻ ጎን እያደገ እያደገ ሲመጣ ነው። መጣችብኝ ስትል የኖረችውም ለዚህ ነው። አሁን ግን የላሚቱን እግሮች ልታስታውስ ሞከረች። ላም ስትሄድ ምን እንደምትመስል አሻ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በቀን መቶ ላም ታያለች። ያቺ ላም እየተራመደች አልነበረም። አራት እግሯን ተክላ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ጭንቅላቷን ወደ ሞተሩ አዙራ ቆማ ነበር። መንጋጋዋ ይንቀሳቀስ ነበር። እያመነዠከች ነበር።

አቡበከር ከሶላት ሲመለስ አሻ ተነስታ ተጠጋችው።

«ጋሽ አቡበከር፣ የቆመ ነገር ሰው ላይ ይመጣል?»

«አይመጣም። ሰው ነው የሚሄድበት። ሲሄድበት ግን የመጣበት ይመስለዋል።»

ነገረችው። ስለ ጠመዝማዛው፣ ስለ ኡምኩልሱም እግር፣ ስለ አባጋሮቹ፣ ስለ ሳሩ። አቡበከር ስትጨርስ መሬት ላይ ከነበሩት ጎማዎች አንዱን በእግሩ አስተካከለ።

«ምን ላድርግ?» አለችው።

«ይሄን እኔ አላስተምርም» አለ። «እኔ የማስተምረው ሞተር ነው። የከሰዓቱን ግን ሳትጨርሺ እንዳትሄጂ። ዛሬ ፈርተሽ ከሄድሽ ነገ ሌላ ነገር ላይ ዓይንሽን ትተክያለሽ።»

ከሰዓት ትራኩን ዞሩ። አሠልጣኙ አንድ አንዱን ከኋላ እየተከተለ፣ ሲቆሙ ያየውን ይነግራቸዋል። አንዋርን ክርኑን እንዲያላላ ነገረው። አሻን መታጠፊያው ከመጀመሩ በፊት ጭንቅላቷን ወደ መውጫው እንድታዞር አደረጋት፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ስምንት ዙር ዞሩ። በመጨረሻው ዙር ዓይኗ ከፊቷ ካለው ጎማ ተነስቶ አጥሩን፣ ከአጥሩ ማዶ በአስፋልቱ የሚያልፉትን ሚኒባሶች ያይ ነበር። ሞተሩም ወዳየችው ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተሰነባበቱ። ለሁሉም የተሳትፎ ወረቀት ተሰጣቸው።

ሰኞ ጠዋት አሻ መድኃኒት ክፍል ገባች። ኡምኩልሱም የክትባት ማቀዝቀዣውን ከፍታ ብልቃጦቹን እያስተካከለች ነበር። በአራት ዓመት ትበልጣታለች፤ ሥራ ሲጀምሩ አንድ ቤት ተከራይተው ኖረዋል።

«ሥልጠናው እንዴት ነበር?» አለቻት።

አሻ በሩን ገፋ አድርጋ ነገረቻት። ኡምኩልሱም በመሀል ማቀዝቀዣውን ዘጋች፤ ከዚያ በኋላ እጇን ክዳኑ ላይ እንዳደረገች ቆመች።

«እኔ ላሟን አላየኋትም» አለች ስታበቃ። «ጀርባሽ ጋርዶኝ፣ ሳጥኑን ታቅፌ ነበር። አንቺ ‹ላም› ስትዪ ሰማሁ፣ ወደቅን። አባጋሮቹ ሲጠይቁኝ ላም ገብታ ነው አልኩ። ወላሂ ብዬ ነው ያልኩት።»

«ዋሽቼ አይደለም፣ ኡምኩልሱም። መስሎኝ ነው።»

«አንቺ መሰለሽ። እኔ መሰከርኩ።»



«እግሬን ያኔውኑ አውፍ ብዬሻለሁ፤ የአላህ ቀደር ነው» አለች ኡምኩልሱም። «ሰው ይወድቃል። ይሄኛው ግን ከእኔና ካንቺ አልፏል። የሼህ አብደላ ሐቅ ነው።»

«ዛሬ ልሄድ ነው።»

«ብቻሽን አትሄጂም። የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

አሻ ሞተሯ ውጭ እንደቆመ ነገረቻት። ኡምኩልሱም በመስኮት አየችውና ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ባጃጅ ተከራየች። አሻ በሞተር ከባጃጁ ኋላ ኋላ ተከትላ ሄደች፤ አቧራውን እየበላች፣ ሳትቀድመው። ጠመዝማዛው ጋ ሲደርሱ ባጃጁ ቀነሰ፣ እሷም ቀነሰች። የመንገዱ ዳር ሳር ከብት ስላልገባበት ጉልበት ድረስ አድጎ ደርቆ ነበር።

ሼህ አብደላ የግቢያቸውን አጥር በእሾህ እየደፈኑ አገኟቸው። ሲያዩዋቸው እጃቸውን አራገፉ።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅለው ነው የሚናገሩት። «ነይ ልጄ፤ ኑ፣ ግቡ። እግርሽ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አለች ኡምኩልሱም።

ባለቤታቸው ዓፊያ ከቤት ወጥተው አጎዛ አነጠፉ። ሰላምታ ሰጡ፣ ግን ፊታቸው አልተፈታም። አሻ ውሃ እንኳ ሳይቀርብላት ጀመረች።

«ሼህ አብደላ፣ ያቺ ላም አልገባችብኝም። ዳር ላይ ቆማ ነበር። ዓይኔን ጥዬባት ራሴ ነኝ የሄድኩባት። ስደነግጥ የመጣችብኝ መሰለኝ፤ መስሎኝም ተናገርኩ። ቅዳሜ ነው የገባኝ።»

ሼህ አብደላ ከእጃቸው ላይ እሾህ ነቀሉ።

«ታስራ ነበር» አሉ።

«ማን?»

«ላሚቱ። ያን ቀን እግሯን አሟት ስለነበር መንገዱ ዳር ካለችው ግራር ላይ አስሬያት ነው የሄድኩት። ጩኸት ሰምቼ ስመጣ ገመዱ እንደነበረ ነው።»

ኡምኩልሱም እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አለች አሻ። «አንቱ የታሰረች ናት ቢሉ ኖሮ እኮ ሁሉም ይቀር ነበር።»

«የሰው ልጅ እግሯ ተሰብሮ በክራንች መጥታ ፊቴ ተቀምጣ፣ እኔ ስለ ገመድ ልከራከር? ሽማግሌው ሁሉ ሊያስታርቅ ነው የመጣው።» የነቀሉትን እሾህ ጣሉ። «ደግሞ ገመዱ ረዘም ይላል። ምናልባት አንገቷን ወደ መንገዱ አስግጋ ይሆናል አልኩ ለራሴ። አላየሁማ። አንቺ ደግሞ አየሁ አልሽ። ዓመት ሙሉ ሳሰላስለው ነው የኖርኩት፤ ገመዱን ሁለት ጊዜ በክንዴ ለክቼዋለሁ።»

«አላሰገገችም። እያመነዠከች ነበር።»

ሼህ አብደላ ቀና ብለው አዩዋት። «ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ከኮምቦልቻ የመጣ አሠልጣኝ አለ። ሰው የሚሄደው ወዳየበት ነው ብሎ አሳየን።»

«ይሄን ለመናገር ሰው ከኮምቦልቻ ይመጣል?» አሉ ሼህ አብደላ፤ ኡምኩልሱም ሳታስበው ሳቀች። እሳቸውም ፈገግ አሉ። «በሉ በቃ፣ አውፍ ብያለሁ። ነገራችሁኝ፤ ለእኔ በቂ ነው።»

«ለአንተ በቂ ነው» አሉ ዓፊያ ከበሩ ላይ።  «ጎረቤት ወንዝ ወርዶ ‹ሳራችንን ያስዘጋች› የሚለው እኔን ነው። የልጄ አማች ሠርግ ላይ በእኛ ላም ሲቀልድ ሰምቻለሁ። በጀማዓ ፊት የተባለ ነገር አጎዛ ላይ ተቀምጦ አይመለስም።»



«ጁሙዓ መስጊድ እንመጣለን» አለች ኡምኩልሱም። አሻም ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ጁሙዓ ዕለት ከሶላት በኋላ ሰው ሳይበተን የአባጋሮቹ ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ቁጭ በሉ አሉ። አሻና ኡምኩልሱም ከግንቡ ጥግ ቆሙ። አሻ ቀደም ሲል በልቧ ያዘጋጀችው ረጅም ንግግር ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን አጭር ነው። ላሚቱ ታስራ እንደነበር፣ ቆማ እንደነበር፣ ጥፋቱ የአነዳዷ እንደሆነ ተናገረች። ከዚያ ኡምኩልሱም አንድ እርምጃ ወጣች።

«እኔ ሳላይ ነው የመሰከርኩት» አለች። «የሰማሁትን እንዳየሁት አድርጌ። አላህ አውፍ ይበለኝ፤ እናንተም አውፍ በሉኝ።»

ጉምጉምታ ሆነ። አንድ ጎልማሳ ከመሀል ተነሳ፤ «እንግዲያው ሳሩ ይከፈትልን! ላሚቱ ካላጠፋች እኛ ምን አጠፋን?» አለ። ብዙዎች «እውነቱን ነው» አሉ። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው።

«ሳሩን የዘጋው ቀበሌ ነው፤ ሳሩን ከቀበሌ ጠይቁ» አሉ። «እኛ ዘግተን የነበረው የሰውን ስም ነው። እሱን ዛሬ እንከፍታለን። አብደላ፣ ና እዚህ ተቀመጥ።»

ሼህ አብደላ ሄደው ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጡ። ዱዓ ተደረገ። ሲነሱ ሁለት ሦስት ሰው መጥቶ እጃቸውን ጨበጠ፤ ብዙው ሰው ግን ስለ ሳሩ እያወራ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት «በአብደላ ላም ምክንያት» የሚለው ቀርቶ «በክትባቷ ሴትዮ ምክንያት» ይባል ጀመር። አሻ ለክትባት ቀን ቆርጣ ስትሄድ ከሠላሳው አባወራ የመጣው አራቱ ነበር። ከአራቱ አንዱ ሼህ አብደላ ናቸው፤ ዳለቻዋን ጨምረው ሰባት ከብት ነድተው መጡ። አሻ የመጡትን ከትባ ሄደች። በወሩ አጎራባች ቀበሌ አባጎርባ የሚባለው የከብት በሽታ ገብቶ ሦስት ወይፈን ሲገድል ሰዉ ከብቱን እየነዳ ራሱ ፈልጎ መጣ። ሳሩንም ቀበሌው በሚቀጥለው በጋ ከቦዩ ማዶ ያለውን ብቻ ፈቀደ፤ ከብት ታስሮ እንጂ ተለቆ እንዳይገባ የሚል ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ሁሉም አልረካም፣ ግን ሳሩ ተበላ።

ከኡምኩልሱም ጋር ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አልተስተካከለም። ሰላም ይባባላሉ፣ ስለ ብልቃጥና ስለ በረዶ ይነጋገራሉ፣ ከዚያ ያለፈ የለም። አሻም አላስቸገረቻትም። ረመዳን ገብቶ ወጣ፣ ዒድ ላይ በስልክ እንኳን አደረሰሽ ተባባሉ።

ከዒድ በኋላ ለሁለተኛ ዙር ሥልጠና ሰው ላኩ የሚል ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤቱ መጣ። ስም ዝርዝሩን የምታዘጋጀው አሻ ነበረችና እየጻፈች ሳለ ኡምኩልሱም ገብታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።

«የእኔንም ጻፊው» አለች።

አሻ ቀና አለች። «አንቺ እኮ ሞተር አትነጂም።»

«ለዚህ አይደል ሥልጠና የሚባለው? መድኃኒት ክፍል ውስጥ ጡረታ ልወጣ አልፈልግም። ከሰው ኋላ ደግሞ ሁለተኛ አልቀመጥም፤ ያንቺም ይሁን የማንም።»

«እግርሽስ?»

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ማርሽ የሚቀየረው በግራ ነው፣ የተሰበረው ቀኙ ነው አልኩት። ሳቀ። ችግር የለውም አለ።»

አሻ ስሟን ጻፈች። ቅዳሜ ጠዋት አቡበከር ከኖራው መስመር ጫፍ ላይ ቆሞ ሠልጣኞቹን ሲያይ፣ አንዲት ሴት ሄልሜቷን አጥብቃ እያነከሰች ወደ ሞተሩ ስትሄድ ተመለከተ። ስለ እግሯ አልጠየቃትም። የት ማየት እንዳለባት ብቻ ነገራት። አርባው ሜትር ላይ አምስት ጊዜ እግሯን አወረደች፤ አንዋር በመጀመሪያው ዙር ካወረደው በላይ ነው። በስድስተኛው ሞተሩ ጠፋባት፣ አስነሳችው፣ እስከ መጨረሻው ሄደች።